ደቡብ የሚለው አለው፦ የአሜሪካን ደቡብ ራፕ በከተማ በከተማ ማድመጥ

ስለ አሜሪካ ደቡብ ራፕ «ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ የአልበም ስም ከመጥራቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ በምንድን ነው የምታዳምጠው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «በስልኬ» ነው። እንግዲህ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። ይህ ሙዚቃ ለመኪና የተሠራ ነው። ቤዙ ሲጠፋ የዘፈኑ ግማሽ አብሮ ይጠፋል፤ የቀረውን ግማሽ የሰማ ሰው ደግሞ «ይሄ ምኑ ነው የሚወደደው?» ቢል አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ችግር ዝርዝር ነው። የ«ምርጥ 50 አልበሞች» ዝርዝር በየቦታው ሞልቷል። ነገር ግን ዝርዝሩ ኒው ኦርሊንስን ከሂዩስተን፣ 1993ን ከ2015 አደባልቆ ስለሚያስቀምጥ አድማጩ አራተኛው አልበም ላይ ሳይደርስ ይደክመዋል። ደቡብ አንድ ድምፅ የለውም። ከቴክሳስ እስከ ቨርጂኒያ በተዘረጋው ምድር እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ምት፣ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ሐዘን አለው። ስለዚህ የምመክራችሁ በከተማ በከተማ መሄድን ነው፤ አንድ ከተማ ገብታችሁ፣ ሰፈሩን ለምዳችሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በእነዚህ አልበሞች ውስጥ ስድብ፣ ስለ ሴቶች የሚባል አስነዋሪ ነገር፣ የአደንዛዥ ዕፅና የጥይት ወሬ በብዛት አለ። ልጆች ባሉበት ክፍት አድርጋችሁ የምትተዉት ሙዚቃ አይደለም። እኔ እያንዳንዱን ቃል ተቀብዬ አላደምጥም፤ የማደምጠው ሌላ ቦታ ያላገኘሁትን እውነት ስለማገኝበት ነው።

አንደኛ፦ ጆሯችሁን አዘጋጁ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጆሮን በደንብ የሚሸፍን ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወይም ደህና ስፒከር ያለው አሮጌ መኪና ይበቃል። መኪና ካላችሁ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቤዝ መጨመሪያውን አትንኩት፤ ቤዙን የሠራው ሰው ልኩን ያውቃል።

ያ ከታች የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ የመጣው በአብዛኛው ከአንድ የጃፓን ማሽን ነው። ሮላንድ የተባለው ኩባንያ ቲአር-808 የተሰኘውን የከበሮ ማሽን በ1980 ለገበያ አወጣ፤ በ1983 ደግሞ ማምረቱን አቆመ። ድምፁ እውነተኛ ከበሮ ስለማይመስል ብዙ ሙዚቀኛ አልፈለገውም፣ ዋጋውም ወረደ። የደቡብ ልጆች ግን ያን ረጅም፣ እየጠለቀ የሚሄድ ምት ወደዱት። ማያሚውም ሆነ አትላንታው ከዚያ ወዲህ የተሠራው በእሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መሞከሪያ ልስጣችሁ። የአትላንታው ቡድን አውትካስት በ1998 ካወጡት «አክዌሚናይ» አልበም ውስጥ «ስፖቲኦቲዶፓሊሸስ» የሚለውን ዘፈን መጀመሪያ በስልካችሁ፣ ቀጥሎ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። በስልክ የምትሰሙት መለከቱን ብቻ ነው። በማዳመጫው ግን ከመለከቱ በታች ቤዙ ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ሰው ሲሄድ ትሰማላችሁ። ልዩነቱ ከገባችሁ ዝግጁ ናችሁ።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ በኢንተርኔት ማዳመጫዎች ላይ አንድ አልበም ብዙ ጊዜ ሁለት ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ስድቡ የተቆረጠበት ነው። ቃሉ በተቆረጠ ቁጥር ምቱም አብሮ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሙሉውን ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ አንድን አልበም ሦስት ጊዜ አድምጡ

የመጀመሪያውን ጊዜ ግጥሙን ሳትከተሉ አድምጡ። ምግብ እየሠራችሁ ወይም እየነዳችሁ ይሁን። የደቡብ አነጋገር ቃላትን ይጎትታል፣ ይውጣል፣ ያጣብቃል፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ መጀመሪያ ላይ ግማሹን አይሰማም። አይጨነቃችሁ። የምትፈልጉት ቅላጼውን ነው።

ሁለተኛውን ጊዜ ግጥሙን አውጥታችሁ እያነበባችሁ አድምጡ። እዚህ ላይ የአማርኛ ጆሮ ያለው ሰው ከሌላው ይቀድማል እላለሁ። ሽለላና ፉከራ ያደመጠ፣ ሰምና ወርቅ መፍታት የለመደ ሰው፣ አንድ ራፐር ስለ መኪናው ቀለም ሲያወራ ስለ ሞተ ጓደኛው እያወራ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። የቦታ ስሞችን ጻፉ። የመንገድ ስም፣ የሰፈር ስም፣ የአውቶቡስ ስም። አትላንታዎቹ «ማርታ» ሲሉ ሴት እየጠሩ አይደለም፤ የከተማዋ የባቡርና የአውቶቡስ አገልግሎት ናት። ክላርክስተንና ዲኬተር የኖሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቋታል።

ሦስተኛውን ጊዜ ከጀርባ ያለውን ስም አንብቡ፦ ቢቱን ማን ሠራው፣ ጊታሩን ማን ተጫወተው፣ ከየትኛው አሮጌ ዘፈን ተወሰደ። ወደሚቀጥለው አልበም የሚወስዳችሁ ይህ ነው። እኔ ከማውቃቸው አልበሞች ግማሹን ያገኘሁት ማንም መክሮኝ ሳይሆን የፕሮዲውሰሩን ስም ተከትዬ ነው።

በሳምንት አንድ አልበም ይበቃል። ዘፈኖቹን በተቀመጡበት ቅደም ተከተል እንጂ አታዘበራርቋቸው።

ሦስተኛ፦ ሂዩስተን

ከሂዩስተን እንድትጀምሩ የምፈልግበት ምክንያት አለኝ። ብዙዎች ከአትላንታ ይጀምሩና አትላንታ በቅታቸው እዚያው ይቀራሉ። ሂዩስተን ግን ቀድማለች። ከኒው ዮርክም ከሎስ አንጀለስም ርቃ፣ የራሷን አሳታሚ አቋቁማ፣ በራሷ መኪና ካሴት እየጫነች የሸጠች ከተማ ናት። ጄምስ ፕሪንስ በ1980ዎቹ የመሠረተው ራፕ-ኤ-ሎት የተባለው ድርጅት የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

የመጀመሪያው አልበማችሁ ጌቶ ቦይስ የተባለው የሦስት ሰዎች ቡድን ያወጣው «ዊ ካንት ቢ ስቶፕድ» ይሁን፣ 1991። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ትወና አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ቡሽዊክ ቢል ዓይኑን በጥይት ተመትቶ ሆስፒታል ሳለ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ተሽከርካሪ አልጋውን ይዘው ቆመው የተነሳ ነው። ቢል በኋላ ፎቶውን ማየት እንደሚያመው ተናግሯል፤ እኔም ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ከዚህ አልበም ውስጥ «ማይንድ ፕሌዪንግ ትሪክስ ኦን ሚ» የሚለውን አሥር ጊዜ ስሙት። እስከዚያ ድረስ ራፕ ውስጥ ወሮበላ የሚባለው ሰው አይፈራም ነበር። እዚህ ግን እንቅልፍ አጥቶ ይገላበጣል፣ የሚከተለው መኪና ያለ ይመስለዋል፣ ራሱን ስለማጥፋት ያስባል። የመጨረሻው ክፍል ላይ ቢል ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ግዙፍ ሰው ሲደበድብ ይተርካል። ሰውየው ድንገት ይጠፋል። ጓደኞቹም የሉም። ጎዳናው ጨልሟል፣ እጁ በደም ተነክሯል፤ ሲመታው የነበረው የመንገዱን ሲሚንቶ ነበር። ከኋላው የምትሰሙት ለስላሳ ጊታር ከሜምፊሱ ሰው ከአይዛክ ሄይስ የተወሰደ ነው። ይቺን ስም ያዙልኝ፣ ሜምፊስ ስንደርስ እንመለስባታለን።

ከሦስቱ አንዱ የሆነው ስካርፌስ ብቻውን ያወጣው «ዘ ዳያሪ» (1994) ቀጥሎ ይምጣ። አጭር ነው፣ ትርፍ ነገር የለውም፣ ስለ ሞት በዚያ ዕድሜ እንዲህ የተናገረ ጸሐፊ ብዙ አላውቅም።

አሁን ከሂዩስተን ወደ ምሥራቅ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ፖርት አርተር ትባላለች፣ የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ። ፒምፕ ሲ እና በን ቢ የተባሉ ሁለት ልጆች ዩጂኬ የሚባል ቡድን አቋቋሙባት። የፒምፕ ሲ አባት መለከት ነፊ ነበር፤ ልጁም ሙዚቃን በኖታ የተማረ፣ በመዘምራን ቡድን የዘመረ ነው። ሥራውን «የገጠር ራፕ ዜማ» እያለ ይጠራው ነበር፤ ሂፕሆፕ ሲሉትም አይወድም። በ1996 ያወጡት «ራይዲን ደርቲ» ቪዲዮ ሳይሠራለት፣ ነጠላ ዜማ ሳይወጣለት፣ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ተሸጠ።

እኔ ይህን አልበም ያወቅሁት አትላንታ ሌሊት ስነዳ ነው። በ285 ቀለበት መንገድ ላይ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ከአሮጌ ዕቃ መደብር የገዛሁትን ሲዲ ከፈትኩ። «ዋን ዴይ» ሲጀምር ፍጥነቴን ቀነስኩ። ከአይስሊ ብራዘርስ የተወሰደ ዜማ ከታች ይፈሳል። ፒምፕ ሲ አንድ ወዳጁ ሕፃን ልጁን በቤት ቃጠሎ እንዳጣ ይነግረናል፤ ከዚያ ተንበርክኮ፣ ነፍሰ ገዳዮችን በሕይወት ትተህ የወዳጄን ልጅ ለምን ወሰድክ ብሎ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። ሙሾ ነው። የእኛ አገር አልቃሽ እንደምታደርገው የሟቹን ስም እየጠራ፣ ፈጣሪን እየሞገተ። አልበሙ እስኪያልቅ መውጫዬን አልፌ ነዳሁ።

ፒምፕ ሲ ከ2002 እስከ 2005 መጨረሻ ታስሮ ተፈታ። በ2007 የወጣው ድርብ አልበማቸው «አንደርግራውንድ ኪንግዝ» በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ33 ዓመቱ ሞተ። ከአውትካስት ጋር የሠሩትን «ኢንተርናሽናል ፕሌየርስ አንተም» ከዚያ አልበም ፈልጉና ስሙት፤ የአውትካስቱ አንድሬ ያለ ከበሮ፣ በመዘምራን ድምፅ ላይ ብቻ ሲጀምር፣ ከበሮው እስኪገባ መጠበቅ ራሱ ደስታ ነው።

ዲጄ ስክሩ፣ በካሴት ዘመን

ሂዩስተንን ያለ ዲጄ ስክሩ ማወቅ አይቻልም፤ እሱ ደግሞ በአልበም አይገኝም። ሮበርት ኧርል ዴቪስ ጁኒየር በ1971 ስሚዝቪል፣ ቴክሳስ ተወለደ። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፦ የሸክላውን ፍጥነት ዝቅ አደረገ። ድምፁ ወፈረ፣ ምቱ ተጎተተ። ከዚያ ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ፣ አንዱን ከሌላው ትንሽ አዘግይቶ፣ በመሃሉ እየዘለለ አንዱን ቃል ደጋገመው። በቤቱ ቀድቶ በግራጫ ካሴት ይሸጥ ነበር። ገዢው በመኪና ተሰልፎ በሩ ላይ ይጠብቃል።

ከካሴቶቹ መጀመሪያ «ጁን ትዌንቲ ሰቨንዝ»ን፣ የ1996ቱን፣ ፈልጉ። የአንድ ጓደኛቸው ልደት ነው። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው በአንድ ቢት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለ ጽሑፍ፣ ከአፋቸው እየፈለቀ ተቀባበሉት። እንደ አዝማሪ ቤት ነው፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የተገኘው እንግዳ ይወደሳል። መቅረጫው ባይኖር ኖሮ የልደት ማታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስክሩ በኅዳር 2000፣ በ29 ዓመቱ ስቱዲዮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ምክንያቱ ኮዴይን ከሌላ አደንዛዥ ጋር ተደርቦ ነው። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ እየተሞገሰ የምትሰሙት የሳል ሽሮፕ ይህ ነው፤ ስንቱን ቀበረ። ሙዚቃውን ለመውደድ እሱን መቅመስ አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ መስማት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሸክላዎቹ ዛሬ በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

አራተኛ፦ አትላንታ፣ ከምድር ቤቱ ጀምሮ

በአትላንታ ሌክዉድ ሰፈር፣ የሪኮ ዌድ እናት ቤት ሥር አንድ ምድር ቤት ነበረ። ወለሉ ያልተለሰነ የጆርጂያ ቀይ አፈር ነው። ሪኮ ዌድ፣ ሬይ መሪና ስሊፒ ብራውን ኦርጋናይዝድ ኖይዝ በሚል ስም ሙዚቃ ይሠሩበት ነበር፤ ቦታውን «ደንጅን» አሉት፣ እስር ቤት እንደማለት። ከዚያ ጉድጓድ አውትካስትም ጉዲ ሞብም የተባሉት ቡድኖች ወጡ።

ብዙ ሰው አውትካስትን ያስቀድማል። እኔ ግን በጉዲ ሞብ «ሶል ፉድ» ጀምሩ እላለሁ፣ 1995። ይህ አልበም ከቡድኑ አባላት አንዱ በሆነው በሲሎ ብቸኛ ዝማሬ ይከፈታል፤ ነጻ መሆን እፈልጋለሁ የሚል፣ ከጥጥ እርሻ የመጣ የሚመስል ጸሎት ነው። ቀጥሎ «ሴል ቴራፒ» በፒያኖ ይገባል። ሲሎ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አዲስ የኪራይ ቤት እንደገቡ፣ ቁጥር ተነክቶ የሚከፈት የብረት በር እንደተተከለ ይተርካል። ሰፈሩ ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ልጆቹ ሱቁ ደጃፍ ሌት ተቀን ቆመው ያያቸዋል። ከዚያ ይጠይቃል፦ ይህ በር የተተከለው ወንጀል እንዳይገባ ነው ወይስ እኛ እንዳንወጣ? ይህን የሰማ ሰው የታጠረ የመኖሪያ ግቢ ባየ ቁጥር ጥያቄው ይመጣበታል። እዚያው አልበም ላይ ለእናት የተሠራ ዘፈን አለ፣ ስለ እሁድ ምግብ የተሠራ አለ፣ «ደርቲ ሳውዝ» የሚለው ቃል አገር ምድሩን ያዳረሰውም ከዚሁ አልበም በወጣ ዘፈን ነው።

ከዚያ አውትካስት። አንድሬ ቤንጃሚንና አንትዋን ፓተን፣ ማለትም አንድሬ 3000ና ቢግ ቦይ፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1994 ሲያወጡ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ነበሩ። ነሐሴ 1995 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የሶርስ መጽሔት ሽልማት አሸንፈው መድረክ ሲወጡ አዳራሹ ጮኸባቸው። አንድሬ አጭር ነገር ተናግሮ ወረደ፦ ደቡብ የሚለው አለው። ንግግሩ ዛሬ በየቲሸርቱ ላይ አለ፤ ከዚያ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ከንግግሩ በኋላ የመጡትን ሁለት አልበሞች በተከታታይ መስማት ነው። «ኤቲኤሊየንስ» (1996) ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ጠፈር ውስጥ ያለ የሚመስል ነው። የገፋቸውን ኢንዱስትሪ «እንግዲያው እኛ ከሌላ ዓለም ነን» ያሉበት ነው ብዬ አስባለሁ። «አክዌሚናይ» (1998) ደግሞ ሰፊ ነው፣ የተጫዋች ሙዚቀኞች እስትንፋስ ይሰማበታል። ስሙ ከሁለቱ የኮከብ ስም፣ ከአክዌሪየስና ከጄሚናይ፣ የተጋጠመ ነው። «ሮዛ ፓርክስ» ላይ ሃርሞኒካ የሚነፉት የአንድሬ እንጀራ አባት፣ ፓስተር ናቸው።

ቅድም መሞከሪያ ያደረግነውን «ስፖቲኦቲዶፓሊሸስ» አሁን በግጥም ተመለሱበት። ራፕ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ትረካ ነው። ጭፈራ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቆንጆ ሴት ያያል፣ ጣፋጭ ነገር ይጠነሰሳል። መለከቱ ያልፋል፣ ይመለሳል። ከዚያ ሳናስበው ልጅ ተወልዷል፣ ወጪ መጥቷል፣ አባት ሥራ ፍለጋ ፖስታ ቤት አመልክቷል፤ ሽንቱ ተመርምሮ ስላላለፈ መልሰው አልደወሉለትም። መለከቱ ግን እንደ መጀመሪያው፣ ያው ጣፋጭ ዜማ ነው። ሰባት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሰው ወጣትነት አለቀ።

«ስታንኮኒያ» (2000) እና በ2004 የዓመቱን ምርጥ አልበም ግራሚ ያገኘው ድርብ ሥራቸው ከዚህ በኋላ ይሂዱ። የታወቁት እነሱ ናቸው፤ ሆኖም መጀመሪያ የሰማቸው ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ ይቸገራል።

አምስተኛ፦ ሜምፊስ

አይዛክ ሄይስን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሜምፊስ የስታክስ የሙዚቃ ድርጅት ከተማ፣ የሶል ሙዚቃ ከተማ ናት፤ የደቡብ ራፕ ግማሽ ሳምፕል፣ ማለትም ከአሮጌ ዘፈን የሚወሰደው ድምፅ፣ ከዚያች ከተማ ሸክላ የወጣ ይመስለኛል። ራሷ ያፈራችው ራፕ ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሞቅ ያለው ነው፦ ከኦሬንጅ ማውንድ ሰፈር የመጡት ኤይትቦልና ኤምጄጂ። «ከሚን አውት ሃርድ»ን በ1993 ያወጡት ሂዩስተን በሚገኝ አሳታሚ በኩል ነው፤ ከተሞቹ እንዴት እንደሚተሳሰሩ እዩ። ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ስለነበሩ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ትንፋሹን ተቀብሎ ይቀጥላል።

ሁለተኛው መልክ የሚያስፈራው ነው። ዲጄ ፖል፣ ጁሲ ጄና ሎርድ ኢንፈመስ ያሉበት ስሪ ሲክስ ማፊያ በ1995 «ሚስቲክ ስታይልዝ»ን አወጣ። የአስፈሪ ፊልም ሙዚቃ ይመስላል፣ ቀረጻው ሻካራ ነው፣ ሌሊት ብቻችሁን አትስሙት። ግን የሎርድ ኢንፈመስን የቃል አጣጣል አስተውሉ፤ በአንድ ምት ላይ ሦስት ሦስት ቃል ይረጫል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሚጎስ የተባለው ቡድንና ሌላው የአትላንታ ወጣት ሁሉ የተጠቀመበት አጣጣል ነው። ያ ቡድን በ2006 ኦስካር ወሰደ።

ስድስተኛ፦ ኒው ኦርሊንስ

እዚህ ከተማ ሙዚቃ ለመቀመጥ አይደለም። «ባውንስ» የሚባለው የከተማዋ ስልት መሠረቱ፣ የሚገርመው፣ ሾውቦይስ የተባሉ የኒው ዮርክ ልጆች በ1986 ያወጡት «ድራግ ራፕ» ነው። ኒው ዮርክ ረሳው፤ ኒው ኦርሊንስ አንስቶ ለዓመታት ጨፈረበት፣ በላዩ ላይ የየሰፈሩን ስም እየጠራ።

አንድ አልበም ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የጁቬናይል «400 ዲግሪዝ» ነው፣ 1998። ቢቱን ሁሉ የሠራው ማኒ ፍሬሽ ነው። «ሃ» የሚለውን ዘፈን ስትሰሙ እያንዳንዱ ስንኝ በ«ሃ» ያልቃል፤ የሰፈር ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ «አንተ እኮ እንዲህ አድርገሃል፣ አይደል?» እያለ ሕይወታችሁን መልሶ የሚነግራችሁ ይመስላል። ያኔ ካሽ መኒ የተባለው የሁለት ወንድማማቾች ድርጅት ገና ከትልቅ ኩባንያ ጋር መፈራረሙ ነበር። ኖ ሊሚት የተባለው የማስተር ፒ ድርጅት ደግሞ ከጎኑ አለ፤ አልበሞቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም አይሰሙም፣ የሚስቲካልን «አንፕሪዲክተብል» (1997) እና የሚያ ኤክስን «አንሌዲ ላይክ» (1997) ውሰዱ።

ሊል ዌይን በካሽ መኒ ያደገ ልጅ ነው። «ዘ ካርተር 2» በ2005 መጨረሻ ወጣ፤ ከተማዋ በካትሪና ማዕበል ከሰጠመች ጥቂት ወራት በኋላ። በ2008 የወጣው ሦስተኛው በአንድ ሳምንት ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የተራበ ሰው ድምፅ አለው።

ሰባተኛ፦ ትራፕ ከየት እንደመጣ

ዛሬ በየአገሩ የምትሰሙት ራፕ፣ የአዲስ አበባውም ጭምር፣ ብዙው በትራፕ ምት ላይ ነው። ቃሉ መጀመሪያ የሚያመለክተው አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጥበትን ቤት ነው፤ ወጥመድ ማለትም ነው። ሁለቱን ትርጉም ሳይለቅ የያዘው የአትላንታው ራፐር የቲ.አይ. «ትራፕ ሙዚክ» ነው፣ 2003። የመጀመሪያ አልበሙ ሳይሸጥለት ከአሳታሚው ተለይቶ፣ ሚክስቴፕ፣ ማለትም በነጻ የሚታደልና በመንገድ የሚሸጥ የዘፈን ስብስብ፣ እየሠራ ተመልሶ የመጣ ሰው ነው። በ2005 ያንግ ጂዚ «ቱግ ሞቲቬሽን 101»ን፣ ጉቺ ሜን «ትራፕ ሃውስ»ን አወጡ። ጂዚ ቃል ያጥራል፣ «ያ!» ብሎ ይጮኻል፣ ቢቱ እንደ ሠራዊት ይሄዳል። ጉቺ ይዘባርቃል፣ ፕሮዲውሰሩ ዜይቶቨን በሚጫወተው፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በሚመስል ኪቦርድ ላይ ይራፋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፊውቸር «ዲኤስ2» (2015) ዝለሉ። ያ ሁሉ ጉራ የት እንዳደረሰ፣ የሰው ድምፅ በማሽን ተለውጦ ሲያለቅስ ትሰማላችሁ።

ሌላው ምድር፣ እና ሚክስቴፕ

ማያሚ የ808 ፈጣኑ መንገድ ናት። ቱ ላይቭ ክሩ የተባለው ቡድን የ1989 አልበም በ1990 በፌዴራል ዳኛ ጸያፍ ተብሎ ተፈረደበት፣ በ1992 ፍርዱ ተሻረ፤ ታሪኩን ማወቅ ይበቃል፣ አልበሙን ሁለት ጊዜ መስማት ግዴታ አይደለም። ቨርጂኒያን ደቡብ ነው አይደለም የሚሉ አሉ። ሚሲ ኤሊየት ከቲምበላንድ ጋር የሠራችው «ሱፓ ዱፓ ፍላይ» (1997) እና የክሊፕስ «ሄል ሃዝ ኖ ፊዩሪ» (2006) ግን ሳይሰሙ አይታለፉም። ከሰሜን ካሮላይና ሊትል ብራዘር፣ «ዘ ሊስኒንግ»፣ 2003።

ሚክስቴፕን አትዝለሉ። ከ2003 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ትልቁ ሥራ የተሠራው በነጻ በሚታደሉና በመንገድ በሚሸጡ ሲዲዎች ላይ ነው። ዲጄ ድራማና ሊል ዌይን የሠሩት «ዴዲኬሽን 2» (2006) ከብዙ አልበም ይበልጣል። በጥር 2007 ፖሊስ የድራማን ስቱዲዮ ወርሮ ሲዲዎቹን ሲጭን፣ ድራማ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ለማስታወቂያ ሲጠቀሙበት የኖሩት ሰው ነበር። ሚክስቴፖቹ የሌላ ሰው ቢት ስለተጠቀሙ በተለመዱት ማዳመጫዎች ላይ ብዙዎቹ የሉም፣ ካሉም ጎድለው ነው። ስለዚህ አንድ ሚክስቴፕ በሙሉ ስታገኙ ቅጂ አስቀምጡ።

የራሳችሁን ዝርዝር ስትሠሩ

ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ አልበም ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከተማው፣ ቢቱን የሠራው ሰው፣ ከራሳችሁ ጋር የቀረ አንድ ስንኝ። ስንኝ ካልቀረላችሁ አልበሙ ዋና ቢባልም የእናንተ አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ሞክሩት። እኔ «አስፈላጊ» የምለው አልበም ከተማውን ሳላይ ያሳየኝን፣ ከሱ በኋላ የመጡትን የቀየረውን፣ አሥር ዓመት አልፎም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማደምጠውን ነው።

የመጨረሻ ማቆሚያችሁ ሚሲሲፒ ትሁን። ሜሪዲያን ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣው ቢግ ክሪት ቢቱን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይራፋል። «ክሪት ወዝ ሂር» በ2010፣ «ፎርኤቨር ኢዝ ኤ ማይቲ ሎንግ ታይም» በ2017። ስትሰሙት እስካሁን የሄዳችሁበት መንገድ ሁሉ ውስጡ አለ፦ የፖርት አርተር ኦርጋን፣ የኤይትቦል ርጋታ፣ የደንጅን ቤዝ። እሱን ስትጨርሱ ወደ «ራይዲን ደርቲ» ተመለሱና «ዋን ዴይ»ን እንደገና ክፈቱ፤ ሌሊት ቢሆን፣ መኪና ውስጥ ቢሆን።